ስለታሸጉት ኮምፒውተሮችና ስለ አንዲት እጄ

ለተከበሩ አቶ አካሉ
የቀበሌያችን የወጣቶች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
የካ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደህንነትና የወንበርዎን ምቾት ጌታ እንዲጠብቅልን እየለመንኩ፣ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። የማዕከሉ ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች «አይሠሩም» ተብለው እንዲወገዱ በንብረት ኮሚቴው ሲወሰን እጄን አውጥቻለሁ። እንደሚሠሩ ግን በዓይኔ አይቼ ነበር። ይህንን በጸሎት እንኳ ሳልናገረው ከረምኩ። ወደ ጌታ የሄደችው ባለቤቴ አስቴር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስትፈራ እጅህ ከአፍህ ይቀድማል» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝና ካጠፋሁ ያርሙኝ።

አንደኛ፣ ማሽኖቹ እርጅና ስለተጫጫናቸው አስተማሪው ለይኩን ሊኑክስ የሚባለውን፣ በነጻ የሚገኝና ለአሮጌ ዕቃ የማይከብድ ሲስተም ጫነባቸው። ሲበሩ ግን ስክሪናቸው ጨለመ። ለይኩን አንዱን ፈቶ ሲያይ፣ የነገሩ ሁሉ ምክንያት አዲሱ ሲስተም የማያውቃት አንዲት የምስል ካርድ ሆና ተገኘች። ካርዷን ነቅሎ የስክሪኑን ገመድ ማሽኑ በራሱ ካለው ሶኬት ላይ ሲሰካው፣ ምስሉ ቦግ አለ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። እርስዎ ይህንን እንደሰሙ፣ የመንግሥት ንብረት ያለፈቃድ ተፈታ ብለው፣ የበራውንም የጨለመውንም ማኅተም ባረፈበት ወረቀት አሸጉልን። ሳያዳሉ ሁሉንም በእኩል ዓይን ስላዩ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ለይኩን የቀሩትን ላስተካክል፣ እሽጉ ይነሣልኝ ብሎ ሲያመለክት ግምገማ ጠሩለት። ማሽኖቹ አዲስ ነገር ያለመቀበል የአመለካከት ችግር እንዳለባቸውም በሰፊው አብራሩልን። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ማሽኖቹ ሒሳቸውን እስኪውጡ ስጠብቅ፣ የዋጠው ለይኩን ሆነ። ለዚህ ዕውቀትዎ ምን ቃል ይበቃል?

ሦስተኛ፣ ኮሚቴያችን ማሽኖቹ ይወገዱ ብሎ ከወሰነ በኋላ ክፍሉ ባዶ ስለሚሆን ለጁስ ቤት እንዲከራይ ማሰብዎ አርቆ አሳቢነት ነው። ጎረቤቴ አስካለች ግን ጁስ አልጠየቀችም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ከወረደች በኋላ፣ ወገቧን ሳታሳርፍ፣ በዚያ ክፍል የኮምፒውተር ጽሕፈት ትማር ነበር። የጸሐፊነት ፈተናዋ ደርሷል፤ የምትለማመድበት ሌላ ቦታ የላትም። ውሳኔውን ስነግራት ማን እጁን እንዳወጣ ዋጥ አደረግኩት። «ይተዉት ጋሼ ገመዳ፣ እንጨት ይሻለኛል፤ ቢከብድም ማንም አያሽገውም» ብላ ሳቀች። ያ ሳቅ ለጸሎት ተንበርክኬ ሳለሁ እንኳ አልለቀቀኝም።

ስለሆነም፣ ክቡርነትዎን ለተጨማሪ ስብሰባ ላለማድከም፣ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ እያዩኝ፣ ለይኩን እንዳይጠየቅበት ከበር ውጭ አስቁሜ፣ በዚያችው ባወጣኋት እጄ ስምንቱንም እሽግ ቀደድኩ። እሱ ከደጅ እየነገረኝ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ካርዶቹን ነቀልኩ፣ ገመዶቹን ሰካሁ። ሰባቱ በሩ። ስምንተኛዋ እውነትም ሞታለች፤ ስለ እሷ ትክክል ነበሩ። ከዚያ አስካለችን ከፊተኛው ማሽን ፊት አስቀመጥኳትና፣ «አይሠሩም» ብሎ እጁን ያወጣው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

ለውሳኔዎችዎ ከእንግዲህ የሚወጣ እጅ የሌለኝ፣ የክብርዎ ጠባቂ፣
ገመዳ፣ እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ የንብረት ኮሚቴ አባል
የካቲት 2001 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የተቀደዱትን እሽጎችም ከሥሩ ለጥፌያቸዋለሁ። ማኅተምዎ ስላልተጎዳ ለሞተችው ማሽን መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ እሷ እንደ ድሮው ገመዳ ዝም ትልልዎታለች።