ወይዘሮ ታየች ቦጋለ እና ስድስተኛው ገጽ

ወይዘሮ ታየች ቦጋለ ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ዓለሙና ከአባታቸው ከአቶ ቦጋለ ወልደየስ ግንቦት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ፤ አልፎ አልፎ የትልልቅ ሰዎችን ፒያኖ ይጠግናሉ። ወይዘሮ ታየችም ገና በስድስት ዓመታቸው፣ የተጠገነውን ሁሉ ካልሞከርኩ እያሉ ያስቸግሩ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚያው ጉለሌ ከጨረሱ በኋላ አራት ዓመት ሙዚቃ ተምረው፣ በ1966 ዓ.ም. በሰፈራቸው ትምህርት ቤት መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። አስተማሪያቸው ሲሰናበቷቸው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ አሥራ አንድ ገጽ ያለው የአውሮፓ የፒያኖ ድርሰት ሰጥተዋቸው፣ ይህን የቻለ ሌላው አያቅተውም ብለዋቸው ነበር። ፒያኖ ግን ከየት ይምጣ! ድርሰቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተኛ።

በኅዳር 1970 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ዓምሃ፣ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ተያዘና ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው ክፍል ታሰረ። አዳራሹ ከነፒያኖው ከአንድ ባላባት የተወረሰ ነው። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ጌቱ ይባላል፤ ነፍሱን ይማር ለማለት አፍ አይታዘዝም። የሚገረፉት ልጆች ጩኸት መንገድ ድረስ እየተሰማ ገበያተኛው መቆም ቢጀምር፣ ወይዘሮ ታየችን አስጠርቶ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፒያኖ እንዲጫወቱ አዘዛቸው። ኃይለኛ ነገር ምቺ፣ አለዚያ ወንድምሽን እርሺው አላቸው።

ያን ድርሰት ከሳጥን አወጡት። ረጅምና ከባድ ስለሆነ፣ ገና እየተማርኩት ነው እያሉ ብዙ ቀን ወንድማቸው አጠገብ ለመዋል ነው። እስከ አምስተኛው ገጽ ድረስ ሁለቱም እጆች ፒያኖውን ይደበድቡታል፤ አዳራሹ ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ በልጆቹ የውስጥ እግር ላይ ያርፋል፣ ሥጋ ይዞ ይነሣል። ሸፊ የሚባለው የባለሱቋ የወይዘሮ ቶይባ ልጅ እግሩ እስኪፈነዳ የተገረፈው በአራተኛው ገጽ ነው፤ በማግስቱ ሞተ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ግን ድርሰቱ ድንገት ለስለስ ይላል። ያኔ ጩኸቱ ውጭ እንዳይሰማ ገራፊዎቹ ገመዳቸውን ይዘው መቆም ነበረባቸው። ወይዘሮ ታየች ይህን በሦስተኛው ቀን ተረዱ። ከዚያ ወዲያ አምስቱን ገጽ በጥድፊያ ጨርሰው ስድስተኛው ላይ ይከርማሉ፤ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ጌቱ ሲቆጣ፣ ከሁሉም የሚከብደኝ ይኼኛው ነው ይሉታል። ኖታ የማያነብ ሰው ምን ይበል።

ጥር 9 ቀን ተራው የዓምሃ ሆነ። ወፌ ላላ ሰቀሉት፤ ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ስድስተኛው ገጽ ሲደርስ ገመዱ ቆመና መርማሪው የደበቅከውን አውጣ አለው። ሌላ የደበቀው ነገር አልነበረውም፤ እህቴ ገጹን የምትደጋግመው ሆን ብላ ነው ብሎ ተናገረ። ጌቱ ወደ አዳራሹ ገብቶ የፒያኖውን ክዳን ቀኝ እጃቸው ላይ ደፋው፤ ወጥቶም ቆመበት። ሦስት ጣታቸው ደቀቀ። ሰባተኛውን ገጽ ሳይማሩት ቀሩ።

በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ግዛቸው ኃይሌ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ሰሌዳው ላይ በግራ እጃቸው እየጻፉ ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ። ስለ ጣታቸው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ክዳኑ አምልጦኝ ነው ይሉ ነበር። ዓምሃም በ1971 ዓ.ም. ተፈትቶ፣ ያደረገውን ሳይነግራቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት እሑድ እሑድ ምሳቸውን በላ።

ወይዘሮ ታየች በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት ዓምሃ አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ መናገር ሲጀምር አቋረጡት። «ሰምቼሃለሁ እኮ» አሉት። «ስድስተኛው ላይ ነበርኩ፤ ግድግዳው ስስ ነው። እስኪመጡብኝ ትንሽ ታርፋለህ ብዬ ያንኑ ገጽ ከመጀመሪያው ደገምኩት።»

ይህን የጻፈው ያው ዓምሃ ነው። ለሰው ዕረፍት የሰጠችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያሳርፍልን።