ፊቴን አደራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ብርድ። ውሃ ጠፍቷል፣ መብራት ግን አለ። ከሰዓት ድንገተኛ ታካሚ መጣች... ወለላ፣ የሙጃ ገበያ ማር ነጋዴ። ትርፍ አንጀት። ስም ያወጣላት ሰው ማር እንደምትሸጥ ገምቶ ነበር እንዴ?

ክርኗ፣ ጉልበቷ፣ ወገቧ ሶሪያሲስ በሚባል የቆዳ በሽታ ቅርፊት አውጥቷል። የወገብ ማደንዘዣ መርፌ ልወጋት አስቤ ተውኩት፣ በተጎዳ ቆዳ ላይ እንዴት ይወጋል? ሙሉ ማደንዘዣ ሰጠኋት፣ የመተንፈሻ ቱቦ በአፏ።

ከመተኛቷ በፊት እጄን ያዘች። "ዶክተር፣ ፊቴን አደራ።"

"የሚቀደደው ሆድሽ ነው፣ ፊትሽን ማን ይነካዋል!" ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ደህና አድራለች። ወገቧን ሳልነካ በመውጣቴ ኮራሁ። ቱቦው እንዳይንሸራተት ፕላስተር የለጠፍኩበት ጉንጯ ቀልቷል። ይጠፋል አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
ነርሷ ረሒማ ከገበያ መጣች። "ያቺ የማሯ ሴትዮ ፊቷን ሸፍና ተቀምጣለች። ለምጽ ነው ብለው ማሯን የሚቀምስላት እንኳ ጠፋ።"

"የቱ ጋ ነው?" አልኳት።

ጣቷን ከአፏ ጥግ እስከ ጆሮዋ አስኬደች። ልክ ፕላስተሩን የለጠፍኩበት።

እሑድ፣ ጥቅምት 30
አውቅ ነበር እኮ። ተፈትኜበታለሁ! ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው በፕላስተር እንኳ ሲላጥ እዚያው ላይ አዲስ ቅርፊት ይወጣል። ቱቦውን በፋሻ ባስረውስ ምን ነበረበት? ልብስ የሚሸፍነውን ጠብቄ፣ ሰው የሚያየውን አበላሸሁባት።

ደግሞ ነግራኛለች። ስለ ቁንጅና መሰለኝ... ስለ እንጀራዋ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ገበያ ሄድኩ። ማሩ ነጭ፣ ባልዲው እንደሞላ። እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ስታየኝ ብድግ አለች፤ "ነፍሴን ያተረፉልኝ!"

ባልነግራትስ? ማን ያውቃል?

ነገርኳት። "እኔ የለጠፍኩት ፕላስተር ነው ያመጣው። ነይ፣ ቆዳ ሐኪም ጋ እወስድሻለሁ።"

መከናነቢያዋን ሳብ አደረገች። ከዚያ፣ "አደራ ብዬዎት ነበር እኮ።"

"አዎ። ብለሽኝ ነበር።"

የባልዲውን ክዳን ገጠመች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ወለላ አልመጣችም። ረሒማ ገበያም አላየኋትም አለች።

ዛሬ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነበረ፣ አንዲት እናት። ሳላስተኛቸው "አደራ የሚሉኝ ነገር አለ?" አልኳቸው።

"ኧረ ምንም፣ ልጄ።"

ደግሜ ጠየቅኋቸው።

አንገታቸውን ዳሰስ አድርገው፣ በቀስታ፣ "ማተቤን... እንዳትበጥሱብኝ።"

ከአንገታቸው ፈትቼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው።