አውቶቡሱን ያስቆምኩ ዕለት

አንቺ ቀልደኛ ጓደኛዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪውን ገደል በአውቶቡስ አለፍኩት፤ ውበቱን ግን አትጠይቂኝ፣ አላየሁትም። ዳገቱ መሀል ላይ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ቤት ብሆን በሬን ዘግቼ እገላገል ነበር። እዚያ ግን ሰው ጢም ብሏል፣ መጸዳጃ የለም፣ መንገዱም መቆሚያ የለው። ላብ አጠመቀኝ። «ዛሬ በሰው ፊት ተዋረድኩ» አልኩ በልቤ። ሐኪሜ «አንጀትሽ ቁስል የለውም፤ ቶሎ የሚቆጣ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ ያብስበታል» ብላኛለች። ግን «አትፍሪ» ብዬ ራሴን በተቆጣሁ ቁጥር ቁርጠቱ ጠናብኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልሽ የምትነዘንዢኝ ትዝ አለኝና ወደ ሾፌሩ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ የአንጀት ሕመም አለብኝ። ካላቆምክልኝ አልችልም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሾፌሩ ግን «እዚህ ብቆም ይገጩናል። ከኩርባው ወዲያ ምግብ ቤት አለ፤ እስከዚያ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ በይ» አለኝ።

ያቺ ኩርባ ዓመት ሆነችብኝ! ብቻ ደረስኩ። ከመጸዳጃው ስወጣ ሁለት ተሳፋሪዎች በር ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። አንደኛዋ ጠጋ ብላ «እግዜር ይስጥሽ፤ እኔስ መናገር ፈርቼ ልሞት ነበር» አለችኝ።

መመለሻዬ በዚያው ገደል ነው፤ ከአሁኑ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ብቻ ሳልሳፈር ለሾፌሩ እነግረዋለሁ። ቦታ አለቀብኝ፤ እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ይህን ግን ለማንም አታንብቢ... እሺ፣ ለእህቴ ብቻ።

ያንቺው ፈሪ