ለፈረስ የተፈቀደው ፋሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ልጄ፣ ሆዴ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ሌላ የሚባል ነገር የለኝም። አክስትሽም ደህና ናት። ብርድ ሲመጣ የእጇ ጠባሳ ያሳክካታል፤ ያን ጊዜ ማንም ፊቷ ባይደርስ ይሻለዋል። “ለዚያች ልጅ ጻፊላት፤ በኩርፊያ የቆመ ቤት የለም” እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ስልክ ብደውል ነገሩን አዝረከርከዋለሁ። ስለዚህ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

የፋሻውን ነገር ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

አክስትሽ የፈላ ዘይት ያቃጠላት ጊዜ ትንሽ ስለነበርሽ ብዙም አታስታውሽም። ከቃጠሎው ይልቅ የሚብስባት ፋሻው ሲቀየር ነበር። የደረቀው ፋሻ አዲሱን ቆዳ ይዞት ይነሳል። ኮሪደር ላይ ቆሜ ጩኸቷን እየሰማሁ፣ ኬሚስትሪ እያስተማርኩ ለዚህ መላ ካላገኘሁ ትምህርቴ ምን ሊረባኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ የቤት ሥራሽን ላቦራቶሪ ውስጥ እየሠራሽ ነው ያደግሽው። ስንት ከተበላሸ በኋላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሲርስ ሳይጎትቱት የሚላቀቅ ፋሻ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ባለቤትነቱን አስመዘገበ። ከዚያ የሚያመርተው ጠፋ። እኛ ፋብሪካ የለን። መፍጠር ለካ የመንገዱ ግማሽ ነው።

የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ሲመጡ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር። ያገናኘሽን አንቺ ነሽና እንደ አማች ነው የተቀበልናቸው። የስብሰባው ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፤ ባልዲውን ጠረጴዛ ሥር ደበቅንላቸው። የመጡት አንዲት ትሑት ሴትና አንድ ጠበቃ ናቸው። የፈለጉት ብቸኛ ፈቃድ ነው፤ ከእነሱ በቀር የትም አገር ማንም እንዳያመርተው።

“ይሁን፤ ግን ሆስፒታል የሚደርሰው መቼ ነው?” አልኩ።

“እሱን የሚወስነው የኩባንያው ዕቅድ ነው” አለችኝ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ።

“ዕቅዱ ምን ይላል?”

“ገና እየተጠና ነው።”

ለሻይ ስንነሳ የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮው ኃላፊ ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገኝ። ከኩባንያዎች ጋር የሚደራደርልን እሱ ነው፤ እኛ “አስታራቂው” እንለዋለን። ለሰው ክፉ መናገር አይሆንለትም።

“ዶክተር፣ የድሮውን ፋሻ ለዓለም የሚሸጡት እነዚህ ናቸው” አለኝ ቀስ ብሎ። “የእርስዎ ከወጣ የነሱን የሚገዛ የለም። የሚወስዱት ሊያመርቱት አይመስለኝም።”

“ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል?”

“ሌላ ሰው እንዳይወስደው ነዋ።”

ስንመለስ አንድ አንቀጽ ይግባልኝ አልኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ገበያ ላይ ካላዋሉት ፈቃዱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለስ። አስታራቂውም “የተለመደ አንቀጽ ነው” ብሎ አገዘኝ። ጠበቃው ብዕሩን ኪሱ ከተተ። አብሮን የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲው ዲን ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሴትዮዋ “እናስብበት” ብላ ተነሳች። እስከ ዛሬ እያሰቡበት ይሆናል።

ዲኑ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለላቦራቶሪው የታሰበው እድሳት ቀረ፣ ረዳቶቼ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፣ እኔም ምድር ቤት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ወረድኩ። አንቺም “እማዬ፣ አሳፈርሽኝ” ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

አስታራቂው ግን በር ማንኳኳቱን አልተወም። በመጨረሻ የእንስሳት መድኃኒት የምታመርት አንዲት ትንሽ ፋብሪካ አገኘ። ባለቤቱ የጎማ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ነው ምድር ቤት ድረስ የመጣው። “የፈረስ ቁስል ላይ ይሠራል?” አለኝ። “ቆዳ ቆዳ ነው” አልኩት። ተስማማን። ፈቃዱ ለእንስሳት ብቻ ነው፣ ብቸኛም አይደለም፤ ለሰው የሚያመርት ቢመጣ በሩ ክፍት ነው። ባለፈው ወር የመጀመሪያው ምርት ወጣ። ካርቶኑ ላይ ፈረስ ተስሎበታል። አክስትሽ ስታየው እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አንዱን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ያኔ አክስትሽን የምታክማት ነርስ አሁን የቃጠሎ ክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው።

“ለፈረስ ተፈቀደ?”

“አዎ።”

“እኛስ ከፈረስ እናንሳለን?”

ከመጋረጃው ወዲያ የአንድ ሰው ፋሻ ይቀየር ነበር። ጩኸቱ እስኪያልቅ ካርቶኑን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ “ሰው ላይ ለመሞከር የሚያስፈልገውን ፈቃድ እኔ እጠይቃለሁ፤ አንቺ ወረቀትሽን አዘጋጂ” አለችኝ። ባለ ፋብሪካውም ፈረሱ ካዋጣው ለሰው የሚሆን ንጹሕ ክፍል ሊሠራ ቃል ገብቷል። ይሄ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። እኔ ዘንድሮ ጡረታ እወጣለሁ። ደክሞኛል፣ ልጄ። ቢሆንም ወረቀቱን ጀምሬዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ባለፈው ሰሞን አክስትሽ ልብስ እያጣጠፈች “ሊያስቀሩት እንደሚወስዱት ልጅቷ ታውቅ ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። “ከየት ታውቃለች? እሷ የምትሠራው ሌላ ክፍል ነው” አልኳት። እሷም ልብሷን ማጣጠፏን ቀጠለች።

የምትሠሪበትን ክፍል ግን አላውቀውም። ነግረሽኝ አታውቂም። አሁንም አትንገሪኝ። ዝም ብለሽ ደውዪ፤ ስለ አየሩም ቢሆን እናወራለን።

ፈጣሪ በወጣሽበት በገባሽበት አይለይሽ። የምታምኚውን ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ