ሁለት ሰሃን ለአንድ ሰው

ውድ ልጄ፣

መጻፍ ላይ ዘገምተኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። ሳሎን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጫለሁ። አባትሽ ጓሮ ሆኖ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግናል፤ እሱ ይሳደባል፣ ቧንቧውም የሚመልስለት ይመስላል። አንዱን ቃል ጽፌ ሌላውን እስካስብ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ስኳር ስለሌለው ቢቀዘቅዝም አላዝንለትም። ላንቺ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ከእኔ ርቀሽ አታውቂማ። አሁን ግን ካንቺ በቀር ለማንም የማይነገር ነገር ገጠመኝ። የቅዳሜያችን ነገር ነው።

በመብል ፍቅር ካንቺ የሚስተካከል ሰው አላየሁም፤ በመብል ፍርሃትም እንደዚያው። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪዎች ሚኒባስ ስትነጂ ትውያለሽ፤ ምሳሽ የተላጠ ኪያርና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ነው፣ መሪው ላይ ደገፍ ብለሽ ትቆረጥሚዋለሽ። ኪሎ ስትጨምሪ «እማዬ፣ ዛሬም አንድ ተሳፋሪ ጫንኩ» ትያለሽ። ስትቀንሺ ደግሞ «አንዱን አወረድኩት፣ ሂሳብ እንኳ ሳይከፍል» ትያለሽ። ፋርማሲው በር ላይ ያለው ሚዛን ላይ ስትወጪ ጫማሽን፣ ቀበቶሽን፣ የጆሮ ጌጥሽንና ቁልፍሽን ታቅፌ የምቆመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ፋርማሲስቱ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «እህቴ፣ ያልወለቀው ጥርስሽ ብቻ ነው» ሲልሽ፣ «እሱን ለቅዳሜ እፈልገዋለሁ» ያልሽው ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጎማ ቤቱ አጠገብ ያለችው ምግብ ቤት የኛ ነበረች። መስኮቱ ጋ ያለችው ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሯ አጠር ያለው፣ እሷም የኛ ነበረች። አስተናጋጁን «አምባሳደሩ» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ሾርባ ይዞ ሲመጣ የመንግሥት መልእክት የያዘ ስለሚመስል። ደንቡንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ። አንቺ አንዱን ታዣለሽ፣ እኔ ሌላውን። ግማሽ ስንደርስ «ደረሰ» ትዪና ሰሃኖቹን ታዞሪያቸዋለሽ። «የቀመስነው ሁለት ዓይነት ነው፣ የበላነው ግን የየራሳችንን ልክ» ትይኝ ነበር። የሚያወፍረው ምግቡ ሳይሆን ሳያጣጥሙ መዋጡ ነው ባይ ነሽ፤ በአንዲት የዶሮ ቁራጭ ላይ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ታወሪ ነበር። የዳቦውን ቅርጫት አምባሳደሩ ከፊታችን እንዲያነሳ ታዣለሽ፤ ትንሽ ቆይተሽ ራስሽ ተነስተሽ አንድ ቁራሽ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ሳይሽ «ስንብት ነው» ትይኛለሽ። ከአንዱ ዳቦ ጋር ስንት ጊዜ ተሰናበትሽ።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ስለሱ አልጽፍም። ሳምንት ሳይሞላ ወሰደሽ።

ቤቱን የሞላው ሰው ተበትኖ ሲያልቅ ቅዳሜ መጣ። እግሬ ወሰደኝ። አምባሳደሩ ከበሩ ላይ አየኝ፤ ሰምቷል፣ ዓይኑ ያስታውቅ ነበር። መስኮቱ ጋ ሁለት ሹካና ሁለት ቢላ አስቀመጠ። እጁ ለምዶት ይሁን አስቦበት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። እኔም አንዱ ይነሳልኝ አላልኩም። ለኔ ዓሣ፣ ላንቺ ዶሮ ከድንች ጥብስ ጋር አዘዝኩ። ግማሽ ስደርስ ሰሃኖቹን አዞርኳቸው፤ ካንቺም ሰሃን ግማሹን በላሁ። ከዚያ ሁለት ግማሾች ፊቴ ቀሩ። ምግብ ማስደፋት አይሆንልኝም፤ ያንቺን ደግሞ ጭራሽ። ሁለቱንም ጨረስኳቸው።

እንዲህ ሳደርግ ከረምኩ። ቤት ውስጥ ዕቃ ሳጥብ አለቅሳለሁ፣ አውቶቡስ ላይ አለቅሳለሁ፤ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ግን አላለቅስም፣ አፌ ሥራ ይዟላ። ጣዕሙን እንዳትጠይቂኝ። ዓሣውም ዶሮውም አንድ ነበር፣ እንደ ወረቀት። ሆድ እንዳሳዩት ነው ይባላል፤ የኔም የሁለት ሰው መብል ለመደና በሌላውም ቀን ይጠይቀኝ ጀመር። ቀሚሶቼ ጠበቡ። ልብስ እጥበት ቤት አብራኝ የምትተኩሰው፣ ያቺ ረጅሟ፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፦

«አንቺ፣ ሐዘን ያከሳል ሲባል ነው የምሰማው፤ ያንቺው ምን ነክቶት ነው?»

«የኔ ሐዘን ምግብ ይወዳል» አልኳት።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለን የፈላ ውሃ ከእንፋሎት ካውያው የውሃ ጋን እግሬ ላይ ፈሰሰ። ጮሃ የጎተተችኝ ረጅሟ ናት። እኔማ አንሶላዬን መተኮስ ቀጥዬ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ነርሷ ካንቺ በዕድሜ ብዙ አትበልጥም፤ ደሜን መርምራ ቁጥሩን ስታይ ቅንድቧ ተሰቀለ።

«እማማ፣ ስኳርዎ ጣሪያ ነክቷል። ለመሆኑ እንዴት ነው የሚበሉት?»

«እንደ ሰው ነዋ።»

«እንደ ስንት ሰው?»

ቀልዷን ነበር። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። «እንደ ሁለት» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ አለመሳቄን ስታይ ተወችውና እግሬን እየጠቀለለች ቀስ ብላ አወራችኝ። «አይብሉ አልልዎትም። ውጭ ወጥቶ መብላትም ኃጢአት አይደለም። ግን አንድ ሰሃን፣ ግማሹ አትክልት፣ ድንች ከሆነ እፍኝ የማይሞላ። ከበሉ በኋላ በእግርዎ ይሂዱ። ይህን ካላደረጉ ይሄ እግር አብሮዎት አይቆይም፤ ደብቄ ምን አደርግልዎታለሁ።»

እግር ያለችውን ወዲያው አልሰማሁትም። የወጋኝ አንድ ሰሃን ያለችው ነው። አንድ ሰሃን ካዘዝኩ አምባሳደሩ አንድ ሹካ ያስቀምጣል። አንድ ሹካ ካስቀመጠ አንቺ አትመጪም ማለት ነው። እንደማትመጪ አውቃለሁ ልጄ፤ የቀበርኩሽ እኔ ነኝ። እጄ ግን ገና አላወቀም ነበር። እግሬን ልጣ ወይስ ሰሃንሽን ልተው ብዬ መወሰን ሲያቅተኝ፣ ምግብ ቤቱን ራሱን ተውኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ጎመንና ዱባ መቀቀል ሆነ ሥራዬ። ጨው እነፍገዋለሁ፣ ዘይት እነፍገዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለጤና አልነበረም፤ እየተበቀልኩ ነበር። ማንን እንደሆነ አላውቅም፣ ደርሶት የሚበላው ግን አባትሽ ነበር።

«መጋረጃው ጎመን ጎመን ይላል፣ ትራሱ ጎመን ጎመን ይላል» አለኝ አንድ ማታ ሰሃኑን እየገፋ።

«ጤና ነው፣ ብላ።»

«ጤና እንዲህ ከሸተተ በሽታ ምን ሊሸት ነው?»

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ውጭ እንብላ ሲባል «ቤት ውስጥ እሳት ጠፍቷል?» የሚል ሰው ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን የክት ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ ኩሽና በር ላይ ቆመ።

«ተነሺ፣ ልበሺ።»

«የት ልንሄድ?»

«እናንተ የምትሄዱበት።»

እናንተ ሲል ሰማሁት። እሱም ራሱን የሰማ መሰለኝ፣ ኮሌታውን ነካካ። «ነርሷ ያለችሽን ነግረሽኛል፤ ሐኪም ባልሆንም ሰሃን መቁጠር አያቅተኝም» አለ። «አንቺ አንድ፣ እኔ አንድ። ከዚያ በላይ ካዘዝሽ ተነስቼ አሳጣሻለሁ።»

ሄድን። አባትሽ ወንበርሽ ላይ ተቀመጠ። እዚያ አይደለም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሌላ ወንበር ደግሞ የለም። አምባሳደሩ ሁለት ሹካ ይዞ መጣና አባትሽ ፊት ያለውን ሲያስቀምጥ ትንሽ ዘገየ። አባትሽ ምንም አላወቀም፤ የምግብ ዝርዝሩን እንደ ክስ ወረቀት ያነብ ነበር። «የቤታችንን ድንች ለማየት ነው እዚህ ድረስ በአውቶቡስ የመጣነው?» አለና መጨረሻ ላይ ያንኑ ዶሮ ከድንች ጥብስ ጋር አዘዘ፤ ሌላው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሮ። እኔ ዓሣ ከአትክልት ጋር አልኩ።

ግማሽ ስደርስ እጄ ሳላዘው ተነሳ። ሰሃኑን ከፊቱ ወስጄ የኔን አደረግሁለት። ሹካው አየር ላይ ቀረ።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

ነገርኩት። ደንቡን፣ ስንብቱን፣ ብቻዬን ሁለት ሰሃን እያዘዝኩ መክረሜን፣ ሁሉንም። ከዚያ በፊት ምኑንም አያውቅም ነበር። ዓሣውን በሹካው ገለበጠው።

«እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ እዚህ የምትመጡት እኔን ለማማት ይመስለኝ ነበር።»

«እናማህም ነበር።»

«ምን ብላችሁ?»

«አንዲት ቁራሽ ሲያኝክ ዜና ተጀምሮ ያልቃል ብለን።»

ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ መሐረቡን አወጣና ዓሣው አጥንት አለው አለኝ። ዓሣው አጥንት አልነበረውም።

ፊቱን ጠርጎ ሲያበቃ ግን የኔን ሰሃን አየ። «ቆይ፣ ድንቹ አንቺ ጋ ሄደ ማለት እኮ ነው። ነርሷ ምን ነበር ያለችው?» እፍኝ የማይሞላ ብላለች አልኩት። እጁን ሰዶ ለኔ ጥቂት አስቀርቶ የቀረውን ወሰደ። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ የራሱን ዘዴ ይዞ መጣ። ቁራሽ ሲያኝክ የሚያመሸው አባትሽ፣ ድንቹን እሳቱ ሳይበርድለት ይውጠዋል፤ ሰሃኑ ወደኔ ከመዞሩ በፊት ሊጨርሰው። ምላሱን አቃጥሎ ውሃ ሲያንቆረቁር «ቀስ በል እንጂ ሰውዬ» እለዋለሁ። «ርቦኝ ነው» ይለኛል። አልራበውም። ለኔ የሚደርሰኝ ሰላጣውና የዶሮው ደረት ብቻ እንዲሆን ነው። የሱ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ለቋል፤ ቀጥሎ ነርሷ እሱን እንዳትጠራው እፈራለሁ።

ከምግብ በኋላ አውቶቡሱን ትተን በእግራችን እንመለሳለን። እየተጨቃጨቅን ስለሆነ መንገዱ አይታወቀንም። ያ እግሬ ቁስሉ ደርቋል፤ አንዳንዴ ጠጠር ስረግጥ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ አባትሽ «አመመሽ?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ ደስ ብሎኝ። ባለፈው ነርሷ ቁጥሩን አይታ «እማማ፣ እንደ አንድ ሰው መብላት ጀመሩ?» አለችኝ። «እንደ አንድ ተኩል» አልኳት። አሁንስ አብሬያት ሳቅሁ።

አሁን ልነግርሽ ወደፈለግሁት ልምጣ። ትናንት ቅዳሜ ነበር። አምባሳደሩ የዕለቱን ሲቆጥር እንጉዳይ በሽንኩርትና በቅጠላ ቅጠል የተጠበሰ አለን አለ። አንቺ እንጉዳይ አትወጂም፤ «ከእርጥብ ግድግዳ ላይ የተላጠ ነው» ትይው ነበር። ግማሹ ያንቺ ስለሆነ አንቺ የማትበይውን አዝዤ አላውቅም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እንጉዳይ ስወድ ለጉድ ነው። ይህን ነግሬሽ አላውቅም፤ የሚያስቆጭ ነገር አልነበረምና፤ ካንቺ ጋር መቀያየሩ ከእንጉዳይ ይበልጥብኝ ነበር።

«እሱን» አልኩ።

አምባሳደሩ እስክሪብቶውን ይዞ አየኝ። «እንጉዳይ፣ እናቴ?»

«እንጉዳይ።»

መጣ። አንዱን ቆርጬ አፌ ውስጥ አደረግሁ። ልጄ፣ ጣፈጠኝ። ጨውም፣ ሽንኩርቱም፣ ትንሽ የተቃጠለው ጠርዙም ለየብቻ ታወቀኝ። ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው ያየኝ መስሎኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምግብ ሲጣፍጠኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ የጣፈጠኝ ደግሞ አንቺ የማትወጂው ሆነ። ካንቺ ልደብቀው አልፈለግሁም።

ግማሽ ስንደርስ አባትሽ እንደ ደንቡ ሰሃኑን ሊያዞር እጁን ዘረጋ። ሰሃኔን በክንዴ ከለልኩት።

«እንዴ፣ ደንቡስ?»

«ደንቡ የሷ ነው» አልኩት። «እንጉዳዩ የኔ ነው።»

እጁን መለሰ። ከዚያ ሹካውን አነሳና ድንቹን ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እያኘከ በላ። ጎማ ቤቱ ተዘግቶ፣ ሠራተኞቹ እጃቸውን ታጥበው እስኪሄዱ ድረስ ሲያኝክ ቆየ። አላጣደፍኩትም።

ወደ አንቺ የምመጣበት ቀን ሲደርስ በሁለቱም እግሬ ቆሜ እንድመጣ እየተጠነቀቅሁ ነው። ብቻ አትቸኩይብኝ። ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ገና ያልቀመስኩት ብዙ አለ።

እናትሽ