በአሜናችን ስለጸደቀው የድንጋይ ከሰል

ይድረስ ለተከበሩ የነዳጅ ለውጥ የአካባቢ ተጽዕኖ ገምጋሚ ቡድን መሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ደረትዎስ? ጠዋት ሲነሱ ዓይንዎን ይቆጠቁጥዎታል? ጉሮሮዎንስ ይከረክርዎታል? እንዲህ በዝርዝር መጠየቄ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በእኛ ሰፈር ከአምና ወዲህ ሰላምታ የምንለዋወጠው በዚህ መልክ ስለሆነ ለምዶብኝ ነው። እኛ፣ በሪፖርትዎ ላይ «ጉልህ ጉዳት የማይደርስባቸው ነዋሪዎች» ብለው የጠሩን የሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰዎች፣ ጉልህ ባልሆነ ሁኔታ እየሳልን አለንልዎ፤ ጌታ ይመስገን።

ካሰች ሙሴ እባላለሁ። የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ እያጠብኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ቤቴ ለፋብሪካዎቹ እንፋሎትና መብራት የሚያመነጨው ጣቢያ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ጣቢያው ለዓመታት በናፍጣ ሲሠራ ተቻችለን አብረነው ኖረናል። አምና ናፍጣውን ትቶ ወደ ድንጋይ ከሰል ሊዞር ሲነሳ፣ እርስዎ የሚመሩት ቡድን ለውጡ አካባቢውን ይጎዳ እንደሆነ እንዲያጠና ታዘዘ፤ አጠና፤ አይጎዳም አለ፤ ከሰሉም ገባ። ስለዚህ ድንቅ ጥናት ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ስለማይተኛልኝ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ልኬቱ። ባለሙያዎችዎ መሣሪያቸውን ተክለው አየራችንን የለኩት ጣቢያው ለጥገና ቆሞ በነበረበት ሳምንት በመሆኑ፣ አየሩ እንከን የማይወጣለት ሆኖ ተገኝቷል። ኧረ እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ድስቱ ሳይጣድ ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይስ አልበዛበትም ብሎ እንደ መፍረድ ያለ ሙያ ነውና፣ እኔ በበኩሌ በዚህ ዕድሜዬ አልደረስኩበትም። እጅዎን ይባርክ።

፪ኛ. ስለ ነፋሱ። ሪፖርትዎ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሐይቁ ይዞት እንደሚሄድ ያለ አንዳች ጥርጥር ያስረዳል። ምን ያደርጋል፣ ነፋሱ ሪፖርቱ አልደረሰውም መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወገን ተነስቶ ጭሱን ጠቅልሎ እኛ ግቢ ያራግፈዋል። ነጭ አንሶላ አስጥቼ ግራጫ አነሳለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ማረፊያ ያላቸው አቶ ቢኒያም የተባሉ የቆዩ ደንበኛዬ፣ ቀለም ምረጪልኝ መቼ አልኩሽ ብለው አንሶላቸውን መልሰው ልከውልኛል። በደጃችን ባለው ዋርካ ላይ ሰፍሮ ስንት ዓመት አልነሣ ያለን አባ ኮዳ እንኳ፣ የበሰበሰ የዓሣ አንጀት የማይሸተው ወፍ፣ ከሰሉ በገባ በወሩ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። እሱስ ክንፍ አለው፣ ይሂድ። ዋርካው ግን ዛሬም ቅጠሉ ሲነካ እጅ ያጠቁራል፤ ከሥሩም የሚቀመጥ ሰው የለም።

፫ኛ. ስለ አሜን። እዚህ ላይ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

የሕዝብ ምክክር አለ ተብለን በቀበሌው አዳራሽ ስንጠራ፣ ሥራችንን ጥለን ነቅለን መጣን። ባለሙያዎ ስለ ከሰሉ ጥራት ረዥም ማብራሪያ ሰጡ፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ ስለነበር ግማሹን ተረዳን። ልንጠይቅ እጃችንን ስናወጣ ሰዓት አልቋል ተባለ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይበተንምና፣ የሰፈሩ ታላቅ ጋሽ ሱሌይማን እንዲመርቁ ተጋበዙ። ጋሽ ሱሌይማን ድሮ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ጴንጤ እሳቸው ሙስሊም ብንሆንም፣ የእኔን ልጅ ሠርግ የመረቁት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈራችን ያለ እሳቸው ምርቃት የሚዳርም መንገድ የሚወጣም የለም። ተነሡ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፣ ዝናቡን የምሕረት ያድርገው፣ ልጆቻችንን ያሳድግልን፣ እንግዶቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን አሉ። ክርስቲያኑ አሜን፣ ሙስሊሙ አሚን፣ አዳራሹ እስኪናጋ ተቀበልን።

ታዲያ ሪፖርትዎ ሲወጣ ምን ተጽፎ ብናገኝ ጥሩ ነው? «ነዋሪዎች በአገር ሽማግሌ አማካይነት ለነዳጅ ለውጡ ያላቸውን ሙሉ ድጋፍ በአንድ ድምፅ ገልጸዋል።» ወይ ጉድ! እኛ ለዝናብና ለልጅ አሜን ስንል፣ ለካስ ለከሰል ኖሯል። በሰላም ይመልስልን የተባሉት እንግዶች እርስዎና ባልደረቦችዎ ነበራችሁ፤ እናንተ በሰላም ተመልሳችኋል። ከዚያ ሁሉ ምርቃት እስካሁን የደረሰው ይኸው አንዱ ነው።

፬ኛ. ስለ መስኮቱ። ጥናትዎ «ሊያጋጥም ለሚችል መጠነኛ የምቾት መጓደል» መፍትሔ ሳያስቀምጥ አላለፈም፤ ነዋሪዎች ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት መስኮታቸውን እንዲዘጉ ይመክራል። ምክርዎን ተቀብለናል። የጋሽ ሱሌይማን የልጅ ልጅ ሙንተሃ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አልጋዋ ጣቢያውን ከሚያየው መስኮት ሥር ነው። መስኮቱ ተዘጋ። ጥቀርሻው በስንጥቁ ሲገባ በጨርቅ ተወተፈ። ጨርቁ ሲጠቁር እያጠብኩ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። የልጅቷ ትንፋሽ ግን በግድግዳው በኩል እኔ ቤት ድረስ ሲያፏጭ ይሰማ ጀመር፤ ሳትስል ስትቀር ደግሞ ይብስ እየፈራሁ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ሐኪሟ በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩን፦ ከዚህ አየር ካልወጣች ሌላ ክረምት ማየቷን እንጃ አሉ። ባለፈው ሳምንት ወራቤ ወዳለችው አክስቷ ተላከች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻታለሁ። መኪናው ሊነሣ ሲል ጋሽ ሱሌይማን እንደ ልማዳቸው ሊመርቋት መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ልጅቷም በመስኮቱ በኩል አሚን ለማለት ተዘጋጅታ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን አፋቸውን እንደ ከፈቱ ግራ ቀኙን አዩ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። መኪናው ሄደ። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ የሚጽፍ ሰው ቢኖርስ ብዬ ፈራሁ አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያች ልጅ ያለ ምርቃት ነው የሄደችው። በሰፈራችን ያለ ምርቃት የሚሸኝ ማንም አልነበረም። ይህን ስጽፍልዎ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ልሸፍነው ሞክሬ አልተሸፈነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥናቱን እንደገና ይሥሩልን፤ ጣቢያው እየነደደ፣ ነፋሱ እየነፈሰ፣ መሣሪያዎን ሙንተሃ አልጋ ላይ አስቀምጠው ይሥሩት። ልጅቷ የምትመለሰው ያ መስኮት የሚከፈት ከሆነ ብቻ ነው፤ አያቷም የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር የለም፣ መቼ ነው የምትመጣው ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ግን አዲስ ጥሪ ደርሶናል። ከሰሉ ላይ የተከታተፈ አሮጌ ጎማ ሊጨመር ስለታሰበ፣ ይህም «አነስተኛ የነዳጅ ማሻሻያ» ስለሆነ፣ ለሐሙስ ዳግመኛ ምክክር ጠርተውናል። እንመጣለን፤ አንድም ሰው አይቀርም። ጋሽ ሱሌይማንም ይመጣሉ፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸው ግን ከኪሳቸው አይወጣም። እኛም ከንፈራችንን አናላቅቅም። ዝምታችን ደግሞ ተቃውሞ አልቀረበም ተብሎ እንደሚጻፍ አሁን ስለገባን፣ ይህ ደብዳቤ ከወዲሁ ለሁሉም እንዲነበብ አድርገናል፤ ዝም ስንል እምቢ ማለታችን ነው። ያለ ምርቃት የተበተነ ስብሰባ በዚህ ሰፈር ታይቶ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ሽማግሌዎቹም አያውቁም። እርስዎ ካወቁ ግን በሪፖርትዎ ቢያካትቱልን ደስ ይለናል።

ረዥም ዕድሜ፣ ሰፊ ደረትና ንጹሕ አንሶላ እየተመኘሁልዎ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በአጭር ትንፋሽ፣

ጉልህ ጉዳት ያልደረሰባት ታዛዥዎ
ካሰች ሙሴ
ከጣቢያው አጥር ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሐሙሱ ስብሰባ ቢያመሽብዎ ስለ ማደሪያ አይጨነቁ። ልጅ ካለዎት ይዘውት ይምጡ፤ የሙንተሃ አልጋ ባዶ ነው። አንሶላውን እኔው አጥቤ አነጥፍልዎታለሁ፣ ቀለሙን ግን አይዩብኝ። መስኮቱንም ልክ እንደ መከሩን ዘግተን እንጠብቅዎታለን።