የተሰረቀ ሐረግ ይጸድቃል

ልጄ ምሩናል፣ አምላካችን ጋናፓቲ ከፊትሽ ያለውን መሰናክል ሁሉ ያንሳልሽ፤ የሜልቦርን ብርድም ይራራልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃው ላይ ይለግምብኛል። ከተማችንን ናሲክን ዝናቡ አልለቅ ብሏት ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም።

ትተሽልኝ የሄድሽው የገንዘብ ሐረግ፣ ያ ለቤት ሀብት ያመጣል የሚባለው ተክል፣ የቅጠሉ ቢጫ ጠፍቶ አረንጓዴ ብቻ ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው። ጎረቤታችን ኩሱም ታይ በሳሪዋ ጫፍ መቀስ ደብቃ ስትገባ አየኋት። መቼም ይሄ ሐረግ ካልተሰረቀ አይጸድቅም፤ ተለምኖም ተገዝቶም ሀብት አያመጣም። እኔ ግን ያንቺ እጅ የተከለውን አላስነካም ብዬ መኝታ ቤትሽ ቆለፍኩበት። ብርሃን ሲያጣ ቀለሙን ጣለ። ውሃም አበዛሁበት፤ ሌላ የማጠጣው የለኝ።

ለካ እሷ ቀድማ ቆርጣ ወስዳለች። ባለፈው ወር ቤቷ ብሄድ ዝንጉርጉሩ ከሰገነቷ እስከ ታች ተንጠልጥሏል። ሻይ ልታፈላ ስትገባ ጠብቄ አንዱን ጫፍ ያዝኩ።

«ሱላብሃ፣ ከአንጓው በታች ቁረጪው፤ አለዚያ ሥር አያወጣም» አለችኝ ከጓዳ ሆና።

በስልሳ ስድስት ዓመቴ ሌብነት እንኳ አልሆነልኝም። የታየ ስርቆት ይጸድቃል ወይ ብዬ ስሰጋ፣ ይኸው መስኮቱ ዳር በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ሥር አወጣ።

በሰው ላኪልኝ ያልሽው አይሆንም፤ የተሰጠ አይጸድቅም። መጥተሽ ራስሽ ስረቂው። ከምሳ በኋላ ጋደም እላለሁ፤ መቀሱን ስታነሺ ብሰማም ዓይኔን አልገልጥም።

እስከዚያው በሄድሽበት ብርሃን አይጉደልብሽ።

እናትሽ